የመጀመሪያውን ከበሮ እንዴት እንምረጥ?

ከበሮ የሌለበት ሠርግ ሠርግ አይመስልም። ከበሮው ካልተመታ እልልታው አይደምቅም፤ እስክስታውም አይሞቅም። ይሁን እንጂ የራሱ ከበሮ የሌለው መንደር ብዙ ነው። ሠርግ በደረሰ ቁጥር ወደ ማዶ መንደር ሰው ይላካል። ከበሮ ይለመናል። ባለቤቱ እሺ ካለ ይመጣል። እምቢ ካለ ደግሞ ጀሪካን ይገለበጥና በጀሪካን ይጨፈራል።

መማር የሚፈልግ ሰው ችግሩ ከዚህ ይብሳል። በውሰት ከበሮ ትምህርት የለም። ዛሬ ተበድሮ ነገ የሚመልስ ሰው እጁ ከከበሮው ጋር አይተዋወቅም። ስለዚህ ብዙ ወጣቶች ገንዘብ አዋጥተው የራሳቸውን ከበሮ ለመግዛት ያስባሉ። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን አባቶች «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ብለዋል። የሚያደናግረው አመታቱ ብቻ አይደለም። አገዛዙም ያደናግራል።

ለምሳሌ፣ የአንድ መንደር ወጣቶች ለሠርግ ሁለት ቀን ሲቀረው ወደ ገበያ ሮጡ እንበል። ቀለም የተቀባ፣ ጨርቅ የለበሰ፣ ዐይን የሚስብ ከበሮ አዩ። ሳይመረምሩ ገዙ። በሠርጉ ቀን ጥሩ ጮኸ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ቆዳው ላላ። በሁለተኛው ወር እንጨቱ ተሰነጠቀ። ገንዘቡ ግን ከሜዳ የተለቀመ አልነበረም። አንዱ ጤፍ ሽጦ፣ ሌላው ዶሮ ሽጦ፣ ሌላው የቀን ሥራ ሠርቶ ያመጣው ነበር። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚባለው ይህን ለመሰለው ነገር ነው።

በዚህ ትምህርት የመጀመሪያውን ከበሮ በትንሽ ገንዘብ እንዴት መግዛት እንደሚቻል እናያለን። የምንለው በአጭሩ ይህ ነው፦ ከበሮ በዐይን ብቻ አይገዛም፤ በእጅና በጆሮ ይገዛል። መምረጥ ያለበትም የሚመታው ሰው ነው።

1. የትኛው ከበሮ ለጀማሪ ይሆናል?

በአገራችን ብዙ ዓይነት ከበሮ አለ። ሁሉም አንድ ሥራ አይሠራም።

ነጋሪት፦ ይህ በዱላ የሚመታ የአዋጅ ከበሮ ነበር። በቀድሞ ዘመን ንጉሥ ወይም ትልቅ ሹም ትእዛዝ ሲያወጣ ነጋሪት ይጎሰማል። ሕዝቡም ተሰብስቦ አዋጁን ይሰማል። በ1934 ዓ.ም. መንግሥት ሕጎቹን በጋዜጣ ማተም ሲጀምር ጋዜጣውን «ነጋሪት ጋዜጣ» አለው። ዛሬም የፌዴራል ሕግ የሚታተመው «ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ» በሚባል ጋዜጣ ላይ ነው። ድሮ በጆሮ ይሰማ የነበረው አዋጅ ዛሬ በዐይን ይነበባል ማለት ነው።

ትልቁ ከበሮ፦ ይህ በቤተ ክርስቲያን ከጸናጽልና ከመቋሚያ ጋር ለማኅሌት የሚያገለግለው ነው። ከባድ ነው። በአንገት የሚንጠለጠልበት ማንገቻ አለው። ለጀማሪ ትከሻ አይመችም።

ድቤ፦ በወሎና በሌሎችም ቦታዎች መንዙማ የሚባልበት ነው።

ትንሹ ከበሮና አታሞ፦ ለሠርግ፣ ለዘፈንና ለጨዋታ የሚያገለግሉ ናቸው። ቀላል ናቸው። ሴቶችም ወንዶችም ይመቷቸዋል።

ድራም፦ ከተማ የሄደ ወይም ባንድ በቴሌቪዥን ያየ ሰው ድራምን ያውቀዋል። ድራም አንድ ከበሮ አይደለም። ብዙ ከበሮዎችና ከነሐስ የተሠሩ ክብ ሳህኖች አንድ ላይ የሚቆሙበት ነው። ተጫዋቹ ወንበር ላይ ተቀምጦ ትልቁን በእግሩ ይረግጣል፤ የቀሩትን በሁለት ዱላ ይመታል። የድራም ፊት ዛሬ በብዛት ፕላስቲክ ነው። ሲቀደድ መለወጫው የሚገኘው በከተማ ነው። ዋጋውም ውድ ነው። አንድ ሰው ተሸክሞት ወንዝ ተሻግሮ ሠርግ ቤት አይሄድም።

ድራም መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም። ለገጠር ጀማሪ ግን የመጀመሪያው መሣሪያ ትንሹ ከበሮ ቢሆን ይሻላል። ምክንያቱም ሦስት ነው። አንደኛ፣ ዋጋው ይቀላል። ሁለተኛ፣ ሲበላሽ በአካባቢው ባለ እጅ ይጠገናል። ሦስተኛ፣ በከበሮ ምት መያዝ የለመደ እጅ ነገ ድራም ቢያገኝ ባዶውን አይቀርብም።

2. ከበሮ እንዴት ይጮኻል?

መምረጥ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የከበሮን አሠራር ማወቅ አለበት። ከበሮ ሦስት ነገር ነው፦ እንጨት፣ ቆዳና ጠፍር። እንጨቱ ውስጡ ተቦርቡሮ ባዶ ይደረጋል። ሁለቱ አፎቹ በቆዳ ይሸፈናሉ። ሁለቱን ቆዳዎች ጠፍር ከወዲህና ከወዲያ ይወጥራቸዋል።

አንዱ አፍ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ነው። ሰፊው ሲመታ ቆዳው ቀስ እያለ ይርገበገባል፤ ድምፁም ወፍራም ይሆናል። ጠባቡ ሲመታ ቶሎ ቶሎ ይርገበገባል፤ ድምፁም ቀጭን ይሆናል። ክራር ያየ ሰው ይህን ያውቃል። የላላው ጅማት ወፍራም ድምፅ ይሰጣል፤ የከረረው ቀጭን ይሰጣል። ከበሮም እንደዚሁ ነው።

ቆዳ እርጥበት ይወዳል። በክረምት ከአየሩ እርጥበት ይጠጣና ይላላል። ያን ጊዜ ድምፁ ይወርዳል፤ ይታፈናልም። በበጋ ደግሞ ይደርቅና ይከራል። ባለ እጁ ቆዳውን በውኃ አርሶ የሚወጥረውም ለዚሁ ነው። እርጥብ ቆዳ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሰበሰብም ራሱን በራሱ ይወጥራል።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ከበሮ በበጋ መግዛት ይሻላል። በበጋ የእንጨቱ ስንጥቅ ይከፈታል፤ የቆዳውም ጠባይ ይታወቃል። በዐቢይ ጾም ሠርግ የለም፤ በቤተ ክርስቲያንም ከበሮ አይመታም። ፈላጊ በማይበዛበት በዚያ ጊዜ ተረጋግቶ መርምሮ መከራከር ይቻላል። ሠርግ ሊሆን ሁለት ቀን ሲቀረው ገበያ የወጣ ግን በሻጩ ዋጋ ይገዛል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባል የለ!

3. አምስቱ ምርመራዎች

ከበሮ ስትገዙ እነዚህን አምስት ነገሮች በቅደም ተከተል አድርጉ።

ሀ. እንጨቱን እዩ። ጨርቅ የለበሰ ከሆነ ጨርቁ ይገለጥ። በእንጨቱ ላይ ከላይ ወደ ታች የወረደ ስንጥቅ አለ ወይ? በሰም፣ በጭቃ ወይም በቀለም የተሞላ መስመር አለ ወይ? በጣት ጥፍር እየዳበሳችሁ ፈልጉ። ከዚያ ከበሮውን አንሱት። ለመጠኑ ከከበደ እንጨቱ ገና እርጥብ ሊሆን ይችላል። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ዋንዛ ለከበሮ የታወቀ እንጨት ነው፤ ለመቦርቦር ይቀላል፤ ብዙም አይከብድም። ከቆርቆሮ የተሠራ ከበሮም አለ። አይሰነጠቅም፤ ነገር ግን ሲመታ የጣሳ ድምፅ እንዳይኖረው ማዳመጥ ያስፈልጋል።

ለ. ቆዳውን ዳብሱ። የበሬ ወይም የላም ቆዳ ወፍራምና ጠንካራ ነው። የፍየል ቆዳ ስስ ስለሆነ ለትንሽ አታሞ ይሆናል። ከብቱ ሲገፈፍ ቢላዋ የነካው ቦታ ካለ፣ ቆዳው ከዚያ ይቀደዳል። በአውራ ጣት ጫን በሉት። ተመልሶ ብድግ ካለ ጥሩ ነው። ጎድጉዶ ከቀረ ላልቷል። ደግሞ በጉንጫችሁ ንኩት። ከሌላው ነገር ይልቅ ከቀዘቀዛችሁ ውስጡ ገና አልደረቀም። አሽትቱትም። የብስባሽ ሽታ ካለው ተዉት።

ሐ. ጠፍሩን ቁጠሩ። ጠፍሮቹ እኩል ርቀት ያላቸው መሆን አለባቸው። አንዱ ከርሮ ሌላው ከላላ ቆዳው በአንድ ወገን ይጎተታል። በጣት ሳብ ሳብ አድርጓቸው። የላላ ጠፍር ከበሮን አይጥልም፤ ሊወጠር ይችላል። የበሰበሰ ጠፍር ግን መለወጥ አለበት። ይህን ሻጩ ከመሸጡ በፊት ያድርግ፤ አለዚያ ዋጋው ይቀነስ።

መ. በሰውነታችሁ ለኩት። ማንገቻውን አንገታችሁ ላይ አድርጉ። ሁለቱ እጆቻችሁ ትከሻችሁ ሳይሰቀል ሁለቱን አፎች መድረስ አለባቸው። ለልጅ የሚበቃው ለጎልማሳ አይበቃም። ለጎልማሳ የተሠራውም ልጁን ያጎብጠዋል። ጀማሪ ሰው ከሚችለው በላይ ከባድ ከበሮ ከገዛ፣ ድካሙ ትምህርቱን ያስተወዋል።

ሠ. አዳምጡት። ከገበያው ጫጫታ ራቅ በሉ። ሰፊውን አፍ መካከሉ ላይ በመዳፍ ምቱ። ድምፁ ወፍራምና ክብ መሆን አለበት። ጠባቡን በጣቶች ምቱ። ድምፁ ቀጭንና ጥርት ያለ መሆን አለበት። ሁለቱ ድምፆች ከተመሳሰሉ ከበሮው ለሥራ አይመችም። የሚንቀጫቀጭ ነገር ከተሰማ አንድ የተሰነጠቀ ወይም የላላ ቦታ አለ ማለት ነው። በመጨረሻ የቆዳውን ዙሪያ ጠርዝ ጠርዙን እያንኳኳችሁ ዙሩ። ድምፁ በሁሉም በኩል እኩል ከሆነ ውጥረቱ እኩል ነው።

4. ማን ይምረጥ?

ብዙ ጊዜ ወደ ገበያ የሚሄዱት ወንዶቹ ናቸው። በሠርግ ቤት ሌሊቱን ሙሉ ከበሮ የሚመቱት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ናቸው። የማይመታው ይመርጣል፤ የምትመታው ግን አትጠየቅም። ይህ ትክክል አይደለም። ማረሻ ሲገዛ የሚያርሰው ይጠየቃል፤ ምጣድ ሲገዛ የምትጋግረው ትጠየቃለች። ከበሮም እንደዚያው ነው። በመንደሩ ከበሮ አዋቂ የሆኑ እናት ካሉ ወደ ገበያ ይዛችኋቸው ሂዱ። እኛ ተማሪዎች ስለ ድምፅ ከመጽሐፍ የተማርነውን እሳቸው በእጃቸው ያውቁታል።

የሚከተለውን ንግግር ለትምህርት እንዲሆን አዘጋጅተነዋል። አንድ ወጣትና አንዲት ከበሮ አዋቂ እናት ገበያ ላይ ናቸው። ለሁለት ሆናችሁ እየተቀባበላችሁ አንብቡት።

ሻጭ፦ ኑ ልጆቼ! ይኸን ከበሮ እዩት! ቀለሙን እዩት! እንዲህ ያለ ሌላ ቦታ አይገኝም።

ወጣት፦ እውነትም ያምራል። ስንት ነው ጋሼ?

እናት፦ ቆይ ልጄ፣ ዋጋ በኋላ ይደርሳል። ወንድሜ፣ እስቲ ይኸን ጨርቅ ገለጥ አድርግልን።

ሻጭ፦ ምነው እማማ፣ ጨርቁ እኮ ተሰፍቶበታል።

እናት፦ ስፌቱን እኔ መልሼ እሰፋዋለሁ። ሙሽራ እንኳ ዐይነ ርግቧን ትገልጣለች።

ሻጭ፦ (እየሳቀ) እሺ፣ ይሁን።

ወጣት፦ እማማ፣ ይኸ መስመር ምንድን ነው?

እናት፦ ሰም ነው። ስንጥቁን በሰም ሞልተውታል።

ሻጭ፦ እሱ እኮ ትንሽ ናት። ምንም አትልም።

እናት፦ ዛሬ ትንሽ ናት። በጋው ሲገፋ ታድጋለች። ያንን ጥግ ላይ ያለውን፣ ጨርቅ የሌለውን አምጣው እስቲ።

ወጣት፦ ያ እኮ አያምርም፣ እማማ።

እናት፦ የምትጨፍረው በቀለሙ ነው እንዴ? ጆሮህን አስጠጋ። ይኸው፣ ይኸ ሰፊው ነው… ይኸ ደግሞ ጠባቡ። ሰማህ?

ወጣት፦ ሰማሁ! አንዱ እንደ ጎልማሳ፣ አንዱ እንደ ሕፃን ይናገራል።

እናት፦ አየህ፣ ገባህ። ወንድሜ፣ ይኸ ቆዳ መቼ ተወጠረ?

ሻጭ፦ ወር አልፎታል፣ እማማ። እውነቴን ነው።

እናት፦ እሺ። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ከላላ መልሰህ ትወጥርልናለህ?

ሻጭ፦ እወጥራለሁ። ቃሌ ነው።

እናት፦ ቃልህን አከብራለሁ። ሰው ግን ይረሳል። ልጄ፣ ደብተርህን አውጣና ጻፈው። እሱም ይፈርም፣ አንተም ፈርም። ከዚያ ስለ ዋጋው እንነጋገራለን።

እናቲቱ ዋጋ የጠየቁት ከምርመራው በኋላ ነው። ዋጋ አስቀድሞ የጠየቀ ሰው ልቡ በዋጋው ይያዛል፤ ምርመራውንም ይዘለዋል።

5. ርካሽ ማለት ምን ማለት ነው?

አሁን ሒሳብ እንሥራ። ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች ለስሌት ብቻ የተሰጡ ናቸው። የገበያው ዋጋ እንደ ቦታውና እንደ ጊዜው ይለያያል።

«ሀ» የተባለው ከበሮ 1,500 ብር ነው እንበል። ቆዳው ስስ ስለሆነ በየዓመቱ መለወጥ አለበት። የአንዱ ልዋጭ ዋጋ 600 ብር ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ይለወጣል።

600 × 3 = 1,800 ብር
1,500 + 1,800 = 3,300 ብር

«ለ» የተባለው ከበሮ 2,700 ብር ነው እንበል። ቆዳው ጠንካራ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ጠፍሩን ብቻ አንድ ጊዜ በ300 ብር ማሳደስ ይበቃል።

2,700 + 300 = 3,000 ብር

ገበያ ላይ ርካሽ የመሰለው «ሀ» በመጨረሻ 300 ብር ይበልጣል። በዚያም ላይ በሠርግ ቀን ሊያሳፍር ይችላል።

«ሐ» የተባለው ደግሞ 5,000 ብር ነው እንበል። እንጨቱም ቆዳውም ከ«ለ» ጋር አንድ ነው። የሚለየው ቀለም፣ ዛጎልና ባለ ጥልፍ ጨርቅ ስላለው ነው። እንግዲህ 2,300 ብር የሚከፈለው ለጌጥ ነው። ጌጡን ግን መንደሩ ራሱ ሊሠራው ይችላል። ጥልፍ የሚያውቁ እጆች በየቤቱ አሉ።

ስለዚህ ርካሽ ማለት ዋጋው ትንሽ የሆነ ማለት አይደለም። ርካሽ ማለት ለገንዘባችሁ ብዙ ዘመን የሚያገለግል ማለት ነው። ውድ የሆነ ሁሉም ጥሩ አይደለም።

ገንዘቡስ ከየት ይምጣ? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። 3,000 ብር ለአንድ ገበሬ ብዙ ነው። ለ30 ሰው ግን ለእያንዳንዱ 100 ብር ይደርሳል። ያም ቢሆን በአንድ ቀን መከፈል የለበትም። ከአዝመራ በኋላ በአምስት ወር በየወሩ 20 ብር እየተዋጣ ሊሞላ ይችላል።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንናገራለን። ለከበሮ ተብሎ በአራጣ መበደር አይገባም። የዘር እህልም አይሸጥም። ዘሩን ሸጦ ከበሮ የገዛ ሰው፣ ክረምት ሲገባ የሚመታው ከበሮውን ሳይሆን ደረቱን ነው።

6. በራሳችን ብናሠራውስ?

በመንደራችሁ እንጨት የሚቦረቡርና ቆዳ የሚወጥር ባለ እጅ ካለ፣ ማሠራት ከመግዛት ሊረክስ ይችላል። ቆዳው ከቅርጫ ይገኛል። በቅርብ ዓመታት የጥሬ ቆዳ ዋጋ ስለወደቀ በዓል ሲመጣ ብዙ ቆዳ ሜዳ ላይ ሲጣል ታይቷል። ለውሻ የሚጣለው ቆዳ ከበሮ ሊሆን ይችል ነበር። ከበሬው ሲገፈፍ ግን ቢላዋው ቆዳውን እንዳይነካ አደራ ማለት ያስፈልጋል።

ለእንጨቱ ሲባል የቆመ ዋንዛ መቁረጥ አይገባም። ዋንዛ ለቡናውና ለከብቱ ጥላ ነው፤ ለማደግም ብዙ ዓመት ይፈጃል። ነፋስ የጣለው ግንድ ይፈለግ። ግንዱም በጥላ ቦታ ቀስ ብሎ ይድረቅ። በፀሐይ ቶሎ የደረቀ ይሰነጠቃል።

ስለ ባለ እጁም አንድ ቃል እንናገር። እንጨት ጠራቢውንና ቆዳ ፋቂውን መናቅ በአገራችን የቆየ መጥፎ ልማድ ነው። በከበሮው እየጨፈሩ የሠራውን ሰው ማራቅ ምን ይባላል? ባለ እጁ ሲከበርና ተገቢው ዋጋ ሲከፈለው፣ ልጁም ሙያውን ይማራል። ሙያው ከጠፋ ግን የተቀደደ ከበሮ የሚጠግን አይገኝም።

7. ከበሮው ከተገዛ በኋላ

ከበሮ እንደ ከብት ጠባቂ ይፈልጋል። የሚከተሉትን አስታውሱ።

ዝናብ አይንካው። ከረጠበ በጥላ ይድረቅ።

በክረምት ከላላ ከመመታቱ በፊት ለጥቂት ጊዜ ፀሐይ ይሙቅ። እሳት ዳር ግን አይቀመጥ። እሳት ቆዳውን ያሰነጥቀዋል።

መሬት ላይ አይደር። አይጥ ቆዳና ጠፍር ይበላል። በማንገቻው ከፍ ብሎ ይሰቀል።

ማንም አይቀመጥበት፤ ዕቃም አይጫንበት።

በእጅ ይመታ እንጂ በዱላ አይመታ። የሚመታ ሰው ቀለበቱን ያውልቅ።

ጀማሪው መጀመሪያ ቀስ ብሎ ይማር። እስከ 6 መቁጠር ለሚችል ሰው ትምህርቱ ቀላል ነው። «አንድ» ሲል ሰፊውን አፍ በመዳፍ ይምታ። «ሁለት፣ ሦስት» ሲል ጠባቡን በጣቶቹ ይንካ። «አራት» ሲል እንደገና ሰፊውን፣ «አምስት፣ ስድስት» ሲል ጠባቡን። ቆጠራው ሳይፋጠንና ሳይዘገይ እኩል ይሂድ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መለማመድ፣ በሳምንት አንድ ቀን እስኪደክሙ ከመምታት ይሻላል። ፍጥነት ከጊዜ በኋላ ይመጣል።

8. ይጻፍ!

የጋራ ንብረት ጠብ ያመጣል የሚሉ አሉ። ጠብ የሚያመጣው የጋራ መሆኑ ሳይሆን አለመጻፉ ነው። ማን ስንት አዋጣ? ከበሮው በማን ቤት ይቀመጣል? ሌላ መንደር ሲዋስ ማን ይፈቅዳል? ቢቀደድ ማን ያሠራል? እነዚህ ነገሮች በቃል ከቀሩ በዓመቱ ሁሉም የየራሱን ያስታውሳል። ከተጻፉ ግን ደብተሩ ይመሰክራል።

የሚከተለውን በደብተራችሁ ገልብጡና ባዶውን ቦታ ሙሉ።

ዛሬ ________ ቀን ________ ዓ.ም. እኛ የ________ መንደር ነዋሪዎች ቁጥራችን ________ ሆነን፣ እያንዳንዳችን ________ ብር በማዋጣት በጠቅላላው በ________ ብር አንድ ከበሮ ገዝተናል። ከበሮው በ________ ቤት ይቀመጣል። ለመማር የሚፈልግ ሁሉ በ________ እና በ________ ቀን መጥቶ ይማራል። የዋሰ ሰው ከበሮውን ካበላሸ ያሠራል። በዚህ ተስማምተን ፈርመናል።

ስም ________ ፊርማ ________
ስም ________ ፊርማ ________
ስም ________ ፊርማ ________

የቃላት ትርጉም

ጠፍር — ከቆዳ የተቆረጠ ረጅም ማሰሪያ
ማንገቻ — ዕቃ በአንገት ወይም በትከሻ የሚያዝበት ጠፍር ወይም ጨርቅ
መቦርቦር — ውስጡን እየፈለፈሉ ባዶ ማድረግ
ባለ እጅ — የእጅ ሙያ ያለው ሰው
ምት — ከበሮ ሲመታ እኩል የሚሄደው አቆጣጠር
አራጣ — በከባድ ወለድ የሚሰጥ ብድር

ጥያቄዎች

1. ሰፊው የከበሮ አፍ ወፍራም ድምፅ የሚሰጠው ለምንድን ነው?
2. ከበሮ በበጋ መግዛት የሚሻለው ለምንድን ነው?
3. እናቲቱ ጨርቁ እንዲገለጥ የጠየቁት ለምንድን ነው? ዋጋውንስ መጨረሻ ላይ ያስቀሩት ለምንድን ነው?
4. በመንደራችሁ ከበሮ ከሁሉ ይልቅ የሚያውቅ ማን ነው? ሄዳችሁ ሦስት ነገር ጠይቁና መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ።
5. 25 ሰዎች 3,500 ብር የሚያወጣ ከበሮ ለመግዛት ተስማሙ። ለእያንዳንዱ ስንት ብር ይደርሳል? በ4 ወር ከፍለው ለመጨረስ በየወሩ ስንት ያዋጣሉ?
6. «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» የሚለው ተረት ከከበሮ ሌላ ለምን ለምን ነገር ይሆናል? ተወያዩበት።